ሁለት መቶ ሊንክ ከመላክ አምስት ማሰናዳት፦ የመማሪያ መርጃ ለምታጋሩ ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለሕዝብና ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች፣ ለወጣት ማእከላት አስተባባሪዎች፣ እንዲሁም በቴሌግራምና በፌስቡክ የመማሪያ መርጃ ለምታጋሩ ሁሉ

ጉዳዩ፦ በኢንተርኔት የሚገኙ ነፃ መርጃዎች የሚጋሩበትን መንገድ ስለ ማስተካከል

የተከበራችሁ፣

«200 ምርጥ ነፃ የመማሪያ ድረ ገጾች» የሚል ዝርዝር ሲለቀቅ በአንድ ቀን ከስልክ ወደ ስልክ ይዳረሳል። ያየው ሁሉ «በኋላ አየዋለሁ» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ለወዳጁም ያስተላልፈዋል። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ከልቡ ሊማር ሲቀመጥ ነው። የመጀመሪያውን ሊንክ ይጫናል፤ ገጹ የለም። ሁለተኛው ይከፈትና አካውንት ክፈት ይለዋል። ሦስተኛው የሰባት ቀን ነፃ ሙከራ ሰጥቶ የባንክ ካርድ ቁጥር ይጠይቃል። አራተኛው ግሩም ኮርስ ነው፤ ግን ተማሪው ያልተማረውን የሁለት ዓመት ሒሳብ እንደሚያውቅ ቆጥሮ ይጀምራል። አምስተኛውን የሚሞክር ጥቂት ሰው ነው። «በኢንተርኔት መማር ለእኔ አይሆንም» ብሎ የተወው ሰው ትምህርቱን ገና አልቀመሰውም፤ ያሸነፈው ዝርዝሩ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ እንዲህ ያሉ መርጃዎችን መምረጥ፣ ማደራጀትና ኢንተርኔት ለሌለበት ቦታ ማዘጋጀት ሥራችን የሆነ ሰዎች ነን። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ የምታጋሩትን ቁጥር ቀንሱ፤ ለእያንዳንዱ የምታደርጉትን ዝግጅት ጨምሩ። ዝግጅት ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ በዝርዝር እንናገራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

መርጃው አላነሰም። ፕሮጀክት ጉተንበርግ የቅጂ መብታቸው ያለፈ መጻሕፍትን በኮምፒውተር ማስፈር የጀመረው በ1971 ነው፤ ዛሬ ከ70,000 በላይ መጻሕፍት አሉት። ዊኪፔዲያ በጥር 2001 ተከፈተ። በዚያው ዓመት የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በአጭሩ ኤምአይቲ፣ የኮርሶቹን ማስታወሻ፣ የቤት ሥራና ፈተና ለማንም ክፍት እንደሚያደርግ አስታወቀ፤ ዛሬ ከ2,500 በላይ ኮርሶች ተለቅቀዋል። «ክፍት የትምህርት መርጃ» የሚለው ስያሜ ከ2002ቱ የዩኔስኮ ጉባኤ የወጣ ነው። ይህ ሁሉ ተከማችቶ ሳለ፣ ኤምአይቲና ሃርቫርድ ኢድኤክስ በተባለው የኢንተርኔት ኮርስ መድረክ በኩል የሰጧቸውን ኮርሶች የመረመረና በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በ2017–18 ከተሳተፉት ውስጥ የጨረሱት 3 በመቶ ገደማ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። እርግጥ ሁሉም ለመጨረስ አልገቡም፤ አንዲት ምዕራፍ ፈልጎ የገባም አለ። ቢሆንም በሩን ከፍቶ መተው ሰውን ውስጥ ድረስ እንደማያስገባ ይህ ቁጥር ይነግረናል።

መጀመሪያ ዝርዝሩ መርጃዎችን በሥራቸው ይለይ። ኮርስ፣ ማጣቀሻ፣ መሥሪያ ፕሮግራምና መለማመጃ በአንድ ረድፍ ሲደረደሩ ጀማሪው ኢንሳይክሎፔዲያን እንደ ኮርስ ሊያነብ ይነሣል። ዊኪፔዲያ ማጣቀሻ ነው፤ በተለይ የሒሳብ ገጾቹ የተጻፉት ነገሩን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ስለሚመስል ከዜሮ የሚጀምር ሰው አይማርባቸውም። ካን አካዳሚ ከመቁጠርና ከመደመር ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል፤ መልመጃውን ወዲያው ስለሚያርም ብቻውን ለሚማር ይመቻል። የራይስ ዩኒቨርሲቲው ኦፐንስታክስ ከ2012 ጀምሮ ለኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመታት የሚሆኑ ሙሉ መማሪያ መጻሕፍት በነፃ ያወጣል። ፌት የተባለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ስብስብ፣ የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን በ2002 የመሠረተው፣ በስክሪን ላይ እየነካኩ የሚሠሩት የሳይንስ ሙከራ ነው፤ ጥያቄ ይዘው ካልገቡበት ግን የአምስት ደቂቃ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

በኤምአይቲ ኮርሶች ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ብዙዎቹ ቪዲዮ የላቸውም፤ የአንዳንዶቹ የመልስ ወረቀትም አልተለቀቀም። ብቻውን ለሚማር ሰው «ስኮላር» የሚል ምልክት ያላቸውን፣ ከ2011 ጀምሮ ለዚሁ ተብለው የተሰናዱትን ምረጡለት። ለምሳሌ ቁጥሩ 18.06 የሆነው የጊልበርት ስትራንግ ሊኒየር አልጀብራ በሁለት መልክ ይገኛል፤ የስኮላሩ መልክ ረዳት መምህራን መልመጃ ሲሠሩ የሚያሳይ ቪዲዮና መልሶችን ጨምሮ ይዟል። ሁለቱን ሳይለይ ያጋራ ሰው ተማሪውን ያለ መልስ ወረቀት ሊያስቀረው ይችላል።

ከዚያ ለእያንዳንዱ መርጃ አጭር መግለጫ ጻፉ። ሙሉ ስሙና አዘጋጁ፣ ለማን እንደሚሆን፣ አስቀድሞ ምን ማወቅ እንደሚያስፈልግ፣ ከየትኛው ክፍል እንደሚጀመር፣ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ቋንቋው፣ ስንት ሜጋባይት እንደሚበላ፣ አካውንት ይጠይቅ እንደሆነ፣ ፈቃዱ፣ በመጨረሻም ሊንኩ የተሞከረበት ቀን ይኑርበት። ከእነዚህ ሁሉ በብዛት የሚጎድለው፣ ሲጎድልም ከሁሉ የበለጠ የሚጎዳው ቅድመ ዕውቀቱ ነው። «መሠረታዊ ሒሳብ የሚያውቅ» ብሎ መጻፍ አይረዳም፤ ሁሉም ሰው የሚያውቅ ይመስለዋል ወይም ማንም አያውቅም ብሎ ይፈራል። በምትኩ መለኪያ ስጡ፦ «ከ3/4 ላይ 2/3ን ቀንሰህ 1/12 ካገኘህ ከዚህ ጀምር፤ ካላገኘህ መጀመሪያ የክፍልፋይን ክፍል ሥራ» በሉ። አንድ መስመር ነው፤ ሰውየውን ግን ከሁለት ሳምንት ድካም ያድነዋል።

የሰዓቱ ግምትም በእውነት ይሁን። በኤምአይቲ 12 ዩኒት ያለው ኮርስ በሳምንት 12 ሰዓት ሥራ ማለት ነው፤ በ14 ሳምንት 168 ሰዓት ይመጣል። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ላለው ሰው ይህ ከአምስት ወር በላይ ነው። አስቀድሞ የተነገረው ሰው ዕቅድ ያወጣል። ያልተነገረው በሦስተኛው ሳምንት «ወደ ኋላ ቀረሁ» ብሎ ያቆማል፤ በሳምንት 7 ሰዓት ለሚያጠና ሰው ግን በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ከኮርሱ አንድ ስምንተኛውን ብቻ መጨረስ የሚጠበቅ ነው።

ናሙና ቢያስፈልግ የፌትን የኤሌክትሪክ መስመር መገጣጠሚያ እንውሰድ። መግለጫው እንዲህ ሊል ይችላል፦ «በብራውዘር ይከፈታል፣ የሚጫን ነገር የለም፣ አካውንት አይጠይቅም፤ ፋይሉን አንድ ጊዜ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ባትሪውን 9 ቮልት፣ ሬዚስተሩን 10 ኦም አድርጉና አያይዙ፤ አሚተሩ (የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያው) 0.9 አምፔር ያሳያል። ሁለተኛ ባለ 10 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ጨምሩ። ከማየታችሁ በፊት ስንት እንደሚሆን ጻፉ። 0.45 ይሆናል። አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አያይዙና እንደገና ገምቱ።» እንዲህ የተዘጋጀ አንድ ሙከራ ፌት ላይ ያሉትን ሁሉ ከሚደረድር ሊንክ የበለጠ ሰው ያስተምራል። ባትሪውን በሽቦ ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያያይዙት ስክሪኑ ላይ እሳት ይነሣል፤ የአጭር ዙር ማሳያ ስለሆነ ፕሮግራሙ የተበላሸ እንዳይመስላቸው መግለጫው ላይ ጻፉት።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደሚረሳው ነገር እንምጣ፤ ወደ ፋይል መጠን። የቪዲዮ ክብደት የሚወሰነው በሴኮንድ በሚፈሰው ዳታ ነው። በሴኮንድ 2.5 ሜጋቢት የሚፈስ ቪዲዮ በሰዓት 1,125 ሜጋባይት ይበላል፤ 1 ሜጋቢት ከሆነ 450፣ ግማሽ ሜጋቢት ከሆነ 225። ሜጋቢቱን በ3,600 አባዝታችሁ ለ8 ስታካፍሉ ታገኙታላችሁ። ድምፁ ብቻ ተነጥሎ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ቢቀመጥ ሰዓቱ 29 ሜጋባይት ገደማ ነው። ስለዚህ 30 ሰዓት የታሪክ ትምህርት በከፍተኛ ጥራት ከ33 ጊጋባይት በላይ ሲሆን በድምፅ ብቻ አንድ ጊጋባይት እንኳ አይሞላም። ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ የሒሳብ ወይም የኬሚስትሪ ትምህርት ከሆነ ግን ምስሉን ብዙ አታሳንሱት፤ ከ480 መስመር በታች ሲወርድ ጽሑፉ ይደበዝዝና ተማሪው የመደመሩን ምልክት ከመቀነሱ መለየት ያቅተዋል። ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም የምስሉን ቁመት ቀንሳችሁ ጥራቱን መምረጥ ትችላላችሁ። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ የሚሆነውን ብቻ ቀይራችሁ በትንሽ ስልክ ስክሪን ላይ ተመልከቱት። ሙሉ ኮርስ አንድ ሌሊት ሙሉ ለውጦ ሲያበቃ የማይነበብ ሆኖ ማግኘት የተለመደ ስህተት ነው።

ከዚህ አልፎ ኢንተርኔት ጨርሶ ለሌለበት ቦታ ሁለት መሣሪያዎች አሉ፤ ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ቢያውቋቸው እንወዳለን። አንዱ ኪዊክስ ነው። ከ2007 ጀምሮ እየተሠራ ያለ ነፃ ፕሮግራም ሲሆን ዊኪፔዲያንና ሌሎች ድረ ገጾችን «ዚም» በሚባል አንድ ፋይል ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ሙሉው የእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ሥዕል የሌለው ቅጂ በጣም ያንሳል፤ የየጽሑፉን መግቢያ ብቻ የያዘ ደግሞ አለ። ሁለተኛው ኮሊብሪ ነው። የካን አካዳሚን ቪዲዮና መልመጃ ጨምሮ ብዙ መርጃዎችን በየርዕሱ ይይዛል፤ የእያንዳንዱን ተማሪ ሂደት ይመዘግባል፤ አንዱ ኮምፒውተር ከሌላው በአካባቢው ኔትወርክ በኩል መቅዳት ስለሚችል አንድ ጊዜ የወረደ ነገር ለሁሉም ይዳረሳል።

ኪዊክስን በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ካርድ ለማደል የሚሞክር ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው መሰናክል ይህ ነው፦ ፋይሉ ይቀዳ ይቀዳና «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ይላል፤ ፍላሹ ላይ ግን 128 ጊጋባይት ባዶ ቦታ አለ። ምክንያቱ ፍላሹ የተዘጋጀው ፋት32 በሚባለው አሠራር መሆኑ ነው፤ ይህ አሠራር አንድን ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም። መፍትሔው ፍላሹን ኤክስፋት ብሎ ፎርማት ማድረግ ነው። ፎርማት ማድረግ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ የቆዩ አንዳንድ ስልኮችም ኤክስፋትን ስለማያነቡ ለሰው ከማደላችሁ በፊት በሰዎቹ ስልክ ሞክሩ። ሁለተኛው መሰናክል በመሃል የተቋረጠ ዳውንሎድ ነው። ፋይሉ መጠኑ የተሟላ ይመስላል፤ ይከፈታልም፤ ከዚያ አንዳንድ ገጽ ላይ ይቆማል። ከፋይሉ ጋር የሚወጣውን የሻ256 መለያ ቁጥር፣ ማለትም የፋይሉን የጣት አሻራ፣ ካወረዳችሁት ፋይል ላይ ከሚሰላው ጋር አስተያዩ። አንዲት ፊደል እንኳ ከተለየች ፋይሉን እንደገና አውርዱት።

አንድ ኮምፒውተር ለብዙ ስልክ እንዲያገለግል ማድረግም ይቻላል። አሮጌ ላፕቶፕ ወይም ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር፣ አንድ የዋይፋይ ራውተርና አንድ ሃርድ ዲስክ ይበቃሉ፤ ራውተሩ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት የለበትም። ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኙ፤ በዋይፋይ ካገናኛችሁት ያው አየር ሁለት ጊዜ ስለሚጫን ፍጥነቱ ይወድቃል። በራውተሩ ማስተካከያ ገብታችሁ ለኮምፒውተሩ ቋሚ አድራሻ ስጡት፤ አለዚያ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አድራሻው ይለወጥና ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁት ወረቀት ከንቱ ይሆናል። ተጠቃሚው ዋይፋዩን ይዞ አድራሻውን ብራውዘር ላይ ይጽፋል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ይከፈታል። በብዛት የሚመጣው ቅሬታ «አይከፍትም» የሚል ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከስልኩ ነው፦ ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያይ ስልኩ ሳይናገር ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል። ሞባይል ዳታውን አጥፉ፤ «ኢንተርኔት የለም፣ እንደተገናኘህ ትቆያለህ?» ሲል አዎ በሉት። ራስፕቤሪ ፓይ በድንገት መብራት ሲጠፋበት የሚሞሪ ካርዱ ጽሑፍ ሊበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ በትእዛዝ ይጥፋ፣ የካርዱ ሙሉ ቅጂም በሌላ ካርድ ላይ ይቀመጥ። ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ ባለ 1 ሜጋቢት ቪዲዮ ቢከፍት በሴኮንድ 30 ሜጋቢት ይፈለጋል፤ ርካሽ ራውተር እዚያ ላይ ይንገዳገዳል። ቪዲዮውን ወደ ግማሽ ሜጋቢት ማውረድ ከአዲስ ራውተር ይቀላል።

ስለ ፈቃድ ጥቂት እንበል፤ ቸልታው በዝቷልና። በነፃ ማንበብና በነፃ ማባዛት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች በታኅሣሥ 2002 የወጡ ሲሆን ዋናዎቹ ስድስት ናቸው፤ ሁሉም በአራት ግዴታዎች ቅንብር የተሠሩ ናቸው፦ ባለቤቱን ጥቀስ፣ በተመሳሳይ ፈቃድ አጋራ፣ ለንግድ አታውል፣ አትለውጥ። «አትለውጥ» የሚል ያለበትን ሥራ ተርጉሞ ማሰራጨት አይፈቀድም፤ ትርጉም ለውጥ ነውና። ብዙ ቅን ተርጓሚዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «በተመሳሳይ ፈቃድ አጋራ» ያለበትን ከተረጎማችሁ ትርጉሙም በዚያው ፈቃድ ይውጣ። የዊኪፔዲያ ጽሑፍ ለንግድም ይፈቀዳል፣ የኤምአይቲ ኮርስ ግን ለንግድ አይፈቀድም፤ ሁለቱም በተመሳሳይ ፈቃድ አጋሩ ስለሚሉ ጽሑፋቸውን አዋህዶ አንድ መጽሐፍ ማውጣት አይቻልም። ጎን ለጎን እንደ ሁለት ሰነድ አስቀምጡ። ባለቤትን ስትጠቅሱ የሥራውን ርዕስ፣ የአዘጋጁን ስም፣ የተገኘበትን አድራሻና የፈቃዱን ስም ጻፉ። የቅጂ መብት ጊዜን በተመለከተ ዓለም አቀፉ የበርን ስምምነት ያስቀመጠው ዝቅተኛ ወሰን ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው፤ ብዙ አገሮች 70 አድርገውታል። የጥንት መጽሐፍ ቢሆንም ትርጉሙ አዲስ ከሆነ የተርጓሚው መብት ገና አላለፈም።

የተሰረቀ ቅጂ ማደልን የምንቃወመው በሕግ ብቻ አይደለም። በየግሩፑ «ሙሉ መጽሐፍ» ተብሎ ከሚላከው ውስጥ ስሙ የመጽሐፍ የሆነ፣ ጫፉ (ቅጥያው) ግን የሚጫን ፕሮግራም የሆነ ፋይል ይገኝበታል። ዊንዶውስ ከመነሻው የፋይሉን ጫፍ ስለሚደብቅ «ፊዚክስ ፒዲኤፍ» የሚል ብቻ ይታያል። ቅጥያውን እንዲያሳይ አድርጉት፤ ስልክ ላይም መጽሐፍ ሲከፈት «አፕ ልጫን?» ካለ ወዲያው ሰርዙት። አጫጭር ተደርገው የተቀየሩ ሊንኮችም ወዴት እንደሚወስዱ ስለማይታይ አትጠቀሙባቸው፤ አሳጣሪው አገልግሎት የተዘጋ ቀን ሁሉም አብረው ይሞታሉ።

ሊንክ ይሞታል። ይህን ከመጀመሪያው ተቀብላችሁ ሥሩ። የመርጃው ርዕስና የአዘጋጁ ስም አብሮ ከተጻፈ አድራሻው ቢለወጥም ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። በተጨማሪ ገጹን በኢንተርኔት አርካይቭ ላይ አስቀምጡት፤ ከ1996 ጀምሮ ድረ ገጾችን የሚያከማች ተቋም ነው፣ ማንም ሰው አድራሻ አስገብቶ የዕለቱን ቅጂ ማስቀመጥ ይችላል። ገጽ ውስጥ የተቀመጠ ቪዲዮ ግን ብዙ ጊዜ አብሮ አይቀመጥም፤ ገጹን ብቻ አይታችሁ አትተማመኑ። በየሦስት ወሩ ሊንኮቹን ሁሉ እየጫናችሁ ፈትሹ። አውቶማቲክ ፈታሽ የጠፋውን ገጽ ይይዛል፤ ወደ ማስታወቂያ የተለወጠውን፣ ክፍያ የጀመረውን አይይዝም። ሃያ መርጃ በእጅ ለመፈተሽ አንድ ከሰዓት በቂ ነው። ሁለት መቶውን ማንም አይፈትሽም፤ ዝርዝሩ አጭር ይሁን የምንልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በራሳችን ፊደል የተጻፈ መርጃ ለምታጋሩ ደግሞ ሁለት ነገር አለን። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ በሆነው በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ በቆዩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ስልክ ላይ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ወደ ዩኒኮድ ሳትቀይሩ አታጋሩ። በስካን የተነሣ መጽሐፍም ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አይደለም፤ ቃል አይፈለግበትም። ቴሰራክት የተባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛን ያነባል። ገጹ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ ሳይጣመምና ጥላ ሳይኖርበት ከተነሣ ጥሩ ያነብባል፤ «ሰ»ንና «ስ»ን፣ «ለ»ንና «ሉ»ን ግን ስለሚያምታታ ሰው ይረመው። ሌላው ፍለጋ ነው። አንዱ «ፀሐይ» ሲል ሌላው «ጸሀይ» ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው ብሎ ባዶ እጁን ይመልሰዋል። ካታሎግ የምታዘጋጁ ሁሉ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ለፍለጋው ሲባል ብቻ ወደ አንድ የሚያመጣ ስውር ዓምድ ጨምሩ። ርዕሱ እንደ ደራሲው አጻጻፍ ይቆይ።

ለፈጠራ የሚሆነውን ስታጋሩ የፕሮግራም ስም ብቻ አትላኩ። ክሪታ ለሥዕል፣ ኢንክስኬፕ ለንድፍ፣ ኦዳሲቲ ለድምፅ፣ ሚዩዝስኮር ለኖታ፣ ብሌንደር ለሦስት ገጽታ ቅርጽና አኒሜሽን፣ ሁሉም ነፃ ናቸው፤ ባዶ ነጭ ገጽ ግን ማንንም አያስጀምርም። ጠባብ ሥራ ስጡ፦ «በሦስት ክብና በሁለት መስመር ብቻ ወፍ ሥራ»፣ «ከቤትህ ድምፆች የ30 ሴኮንድ ምት አውጣ»። ያለቀውን ሥዕል ሳይሆን የሚታረመውን ፋይል አጋሩ፤ ሌላው ከፍቶ እንዴት እንደተሠራ እንዲያይ፣ ከዚያ ቀይሮ የራሱን እንዲሠራ። በ2007 ከኤምአይቲ የወጣው ስክራች፣ ልጆች ብሎክ እየገጣጠሙ ፕሮግራም የሚሠሩበት፣ ልጆችን የሚይዘው በዚህ ነው፤ የማንንም ፕሮጀክት ውስጡን ከፍቶ ብሎኮቹን ማየትና አስተካክሎ ማውጣት ይቻላል። የሚጫነው ስክራች ያለ ኢንተርኔትና ያለ አካውንት ስለሚሠራ ለሕፃናት እርሱን ምረጡ። ብሌንደርን 4 ጊጋባይት ራም ላለው ላፕቶፕ አትምከሩ፤ ማሽኑ ሲቆም ልጁ እኔ አልቻልኩም ይላል።

የማወቅ ጉጉት ላለው ሰው ደግሞ ገና መልስ ያልተገኘለትን ጥያቄ ስጡት። በ2007 የተጀመረው ጋላክሲ ዙ የቴሌስኮፕ ፎቶዎችን ሰጥቶ ማንም ሰው የጋላክሲዎቹን ቅርጽ እንዲለይ ጠየቀ። በዚያው ዓመት ሃኒ ቫን አርኬል የተባለች ኔዘርላንዳዊት የትምህርት ቤት መምህርት ከአንዱ ጋላክሲ አጠገብ ማንም ሊያስረዳው ያልቻለ ብሩህ ነገር አየችና ጠየቀች፤ ግዙፍ የሚያበራ የጋዝ ደመና ሆኖ ተገኘ፤ ዛሬም በስሟ ይጠራል። ያ ሥራ አድጎ ዙኒቨርስ የተባለ፣ ማንም ሰው በብዙ ምርምሮች የሚሳተፍበት ድረ ገጽ ሆኗል። ዕፅዋትና እንስሳት ለሚወድ፣ ያነሣውን ፎቶ ለጥፎ ሌሎች ዝርያውን የሚለዩለት አይናቹራሊስት አለ፤ አበባውን ብቻ ሳይሆን ቅጠሉን፣ ግንዱንና አጠቃላይ ቁመናውን ለየብቻ ያንሳ፤ በአንድ ፎቶ ብቻ የቀረበ ተክል ስም ሳያገኝ ሊከርም ይችላል።

የተማሩትን ስለ መያዝ አንድ መሣሪያ ብቻ እንጥቀስ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እንዳሳየው አንዴ የተጠና ነገር ወዲያው በፍጥነት ይረሳል፤ በየመሃሉ ሲታወስ ግን ይቆያል። አንኪ የተባለው ፕሮግራም የጥያቄና መልስ ካርዶችን በዚህ አሠራር እያራራቀ ያቀርባል። ባለ 5,000 ካርድ ጥቅል አታጋሩ። በቀን 20 አዲስ ካርድ የሚጀምር ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በቀን 150 እና ከዚያ በላይ ክለሳ ይጠብቀዋል፤ ሳምንት ያቋረጠ ቀን ክምሩን አይቶ ይተወዋል። በአንድ ካርድ አንድ ጥያቄ፣ በቀን አምስት አዲስ ካርድ፣ በጥቅል ከ100 ያልበለጠ ይበቃል።

ለቢሮዎችና ለኃላፊዎች የምናቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። በእያንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት ከኢንተርኔት ውጭ የሚሠራ አንድ ኮምፒውተር ይቀመጥ፤ በየሦስት ወሩ ሊንክ ለመፈተሽ ለአንድ ሠራተኛ ግማሽ ቀን በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ይጻፍለት፤ «ትርፍ ሰዓት ሲኖር» የተባለ ሥራ አይሠራምና። ተመሳሳይ ነገር የሚማሩ ከአራት እስከ ስምንት ሰዎች በሳምንት አንድ ጊዜ የሚቀመጡበት ጠረጴዛ ይሰጣቸው፤ መምህር ባይኖርም አንዱ የተቸገረበትን መልመጃ ሌላው ሠርቶት ይመጣል። ዝርዝሩ በወረቀትም ይታተም። ኪውአር ኮድ ስታትሙ አድራሻውን በቀጥታ የያዘውን ዓይነት ምረጡ፤ በመካከል በሌላ ኩባንያ ገጽ የሚያልፈው ዓይነት ነፃ ጊዜው ሲያልቅ ይዘጋል፣ ወረቀቱ ግን ግድግዳ ላይ ይቆያል። ከአንድ ሜትር ርቀት ለሚነበብ ኮድ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ በእጅ ለሚያዝ ወረቀት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል።

ቻናልና ግሩፕ ለምትመሩም፦ በምትለቁት ዝርዝር ግርጌ «ያልተከፈተ ሊንክ ካገኛችሁ እዚህ ንገሩን» የሚል አንድ መስመርና የሚያነብበው ሰው ይኑር። ጥቆማ የመጣበት ሊንክ በሦስት ቀን ውስጥ ይተካ ወይም ይነሣ፤ የተፈተሸበትም ቀን አጠገቡ ይታደስ።

ከአክብሮት ጋር፣
የመማሪያ መርጃዎችን በመምረጥና በማሰናዳት ሥራ ላይ የተሰማራን